ቪዛው ሳይመጣ ከክፍል የወጡ ልጆች

የመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት ፈተና አልቆ ካርድ ሲታደል፣ በአዲስ አበባ ዳርቻ ያሉ ትምህርት ቤቶች አንድ ዓይነት ጥያቄ የያዙ ወላጆች ይመጡባቸዋል። አያትም ይሁን ቦሌ አራብሳ፣ ቱሉ ዲምቱም ይሁን ለገጣፎ ጥያቄው ተመሳሳይ ነው፤ «መሸኛ ይጻፍልን፣ ልጆቹ ወደ ውጭ ሊሄዱ ነው።» መቼ እንደሚሄዱ ሲጠየቁ ግን ብዙዎቹ የተቆረጠ ቀን የላቸውም። አባት ቀድሞ ሄዷል፣ ወይም እናት ለሁለት ዓመት የትምህርት ዕድል አግኝታለች፣ ወይም ዲቪ ደርሷቸው ቀጠሮ እየጠበቁ ነው። «ፕሮሰስ ላይ ነን» ይላሉ። ልጆቹ እስከዚያው ቤት ይማራሉ፤ እዚያ ሲደርሱም አገሩን እስኪለምዱ ወላጆቻቸው ራሳቸው ያስተምሯቸዋል። ዕቅዱ ይህ ነው።

ልጅን ቤት ማስተማር ይቻላል። በሥርዓት ይዘውት ጥሩ ውጤት ያገኙ ቤተሰቦች በብዙ አገር አሉ፤ ለእኛም ቢሆን ከመደበኛ ትምህርት ቤት ውጭ መማር እንግዳ ነገር አይደለም። ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በ1900 ዓ.ም. ከመከፈቱ በፊት በዚህ አገር ፊደል የቆጠረና ዳዊት የደገመ ሁሉ የተማረው ከየኔታ እግር ሥር ነው። እኔን የሚያሳስበኝ በመሸኛውና በአውሮፕላኑ መካከል ያለው ጊዜ ነው። ብዙ ወላጆች ሁለት የተለያዩ ውሳኔዎችን እንደ አንድ አድርገው ይወስናሉ። ውጭ አገር ልጅን ቤት ማስተማር አንዱ ውሳኔ ነው፤ በሕግና በቤተሰብ አቅም ይመዘናል። ከተጀመረ የትምህርት ዓመት መሃል ልጅን ማስወጣት ሌላ ውሳኔ ነው፤ ይህኛው በአብዛኛው በተስፋ ላይ ብቻ ተመሥርቶ የሚደረግ ሲሆን ዋጋው የሚታወቀው ዘግይቶ ነው።

ችኮላው ከየት መጣ

የወላጆቹን ችኮላ በስንፍና ወይም በግዴለሽነት መተርጎም ስህተት ነው። የግል ትምህርት ቤት ክፍያ በየዓመቱ ይጨምራል። በዚያ ላይ ምዝገባው፣ መጽሐፉ፣ የደንብ ልብሱና ሰርቪሱ ሲደመር፣ ሁለትና ሦስት ልጅ ያለው ቤተሰብ ከወር ገቢው ትልቁን ድርሻ ለትምህርት ያውላል። ይኸው ቤተሰብ ለቪዛ፣ ለሜዲካልና ለትኬት ገንዘብ ማጠራቀም ሲጀምር፣ መጀመሪያ ዓይኑ የሚያርፈው የቀሩት የአምስት ወራት የትምህርት ክፍያ ላይ ነው።

ርቀቱም አለ። ከቦሌ አራብሳ ወይም ከኮየ ፈጬ ወደ መሃል ከተማ የሚማር ልጅ ከንጋቱ 12 ሰዓት በፊት ሰርቪስ ይጠብቃል፤ ቤቱ የሚገባው ደግሞ ደክሞ፣ አንዳንዴም ተኝቶ ነው። እንዲህ የሚመላለስን ልጅ ለጥቂት ወራት ማሳረፍ ለእናት እንደ ርኅራኄ ይታያታል።

ከሁሉ በላይ ግን በትምህርቱ ላይ ያለው እምነት ተሸርሽሯል። የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ መሰጠት ሲጀምር፣ ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ እንደነበሩ አገር ሰምቷል። በቀጣዩ ዓመት 3.2 በመቶ ሆነ፤ በ2016 ዓ.ም. ወደ 5.4 በመቶ ከፍ አለ። የዓለም ባንክም በኢትዮጵያ ከ10 ዓመት ልጆች 90 በመቶ ያህሉ ቀላል ጽሑፍ አንብበው መረዳት እንደማይችሉ ገምቷል። ይህን የሰማ ወላጅ «አምስት ወር ቢቀርበት ምን ያጣል?» ብሎ ቢጠይቅ አልፈርድበትም። ጥያቄው ግን መልስ አለው።

ስለ ሌላ ምክንያት እምብዛም አይነገርም፤ እሱም ምስጢር መጠበቅ ነው። ጉዞ ሳይሳካ አይወራም የሚለው ልማድ በእኛ ዘንድ ሥር የሰደደ ነው። ልጁ ለጓደኞቹ እንዳይናገር ይነገረዋል። ለመምህሯ «ታማለች» ይባላል፣ ወይም «ወደ አያቷ ጋ ክፍለ ሀገር ልንወስዳት ነው» ይባላል። ልጅ በባሕርዩ ምስጢር አይችልምና አንዳንድ ወላጅ ወሬው ከክፍል እንዳይወጣ ሲል ልጁን ራሱን ከክፍል ያወጣዋል። ወላጆች የሚፈሩትን ፍርሃት አውቀዋለሁ፤ እኔም ያደግኩበት ነው። ይሁን እንጂ ምን እንደታሰበ ያልተነገረው መምህር ምንም ሊያግዝ አይችልም። ቢነገረው ኖሮ የቀረውን ምዕራፍ ለይቶ ይሰጥ ነበር፣ የመልመጃ ወረቀት ያዘጋጅ ነበር፣ ልጁ በንባብ የት ላይ እንደሚደናቀፍ ለእናቱ ይነግራት ነበር። ልጁም ጓደኞቹን ሳይሰናበት ባልጠፋ ነበር። ይህ ለአዋቂ ትንሽ ነገር ሊመስል ይችላል፤ ለ9 ዓመት ልጅ ግን ዓለሙ ያ ክፍል ነው።

በመሃል የቀረው ዓመት

በሰፈሬ የማውቃት አንዲት የ3ኛ ክፍል ልጅ በየካቲት ከትምህርት ቤት ወጣች። አባቷ አውሮፓ ነበር፤ የቤተሰብ ማገናኘቱ ጉዳይ «በሁለት ወር ያልቃል» ተብሎ ነበር። ሁለት ወሩ ክረምቱን አልፎ፣ መስከረምን አልፎ፣ ሌላ ጥር ደረሰ። በመስከረም እናቷ ልታስመዘግባት ብትሞክር የነበረችበት ክፍል ሞልቷል፤ ደግሞም «ነገ ለሚሄድ ልጅ የዓመት ምዝገባ ለምን እከፍላለሁ?» የሚለው ሐሳብ አልለቀቃትም። ልጅቷ የጓደኞቿ ሰርቪስ በሚያልፍበት ሰዓት ወደ ውጭ መውጣት አቆመች። እናቷ ሰነፍ አይደለችም፤ ደብተር ገዝታ፣ በየቀኑ ሒሳብና እንግሊዝኛ እያሠራች ጀምራ ነበር። ነገር ግን ገበያ አለ፣ ቀጠሮ አለ፣ የሚታመም ሕፃን አለ። ቤት ውስጥ ትምህርት ሲቀር የሚጠይቅ ስለሌለ ያለ ጫጫታ ይቀራል።

ይህን ሁላችንም አንድ ጊዜ አይተነዋል። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ መምህራን በቴሌግራም ወረቀት ላኩ፣ በቴሌቪዥንና በሬዲዮ ትምህርት ተሰጠ። በብዙ ቤት የመጀመሪያዎቹን ቀናት ፕሮግራም ተጽፎ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። መብራት ሲጠፋ፣ ዳታ ሲያልቅ፣ አንዱን ስልክ ሦስት ልጅ ሲሻማበት ፕሮግራሙ ወረቀት ሆኖ ቀረ። ያኔ ልጆቹን ያዳናቸው አገሩ በሙሉ መቆሙ ነው፤ ከ8ኛና ከ12ኛ ክፍል በቀር ሌሎቹ ወደ ቀጣዩ ክፍል እንዲያልፉ ተደረገ። ዛሬ በየካቲት ለብቻው የሚወጣ ልጅ ግን አብሮት የሚቆምለት የለም። ሌሎቹ ይቀጥላሉ።

ወረቀቱም ላይ እንዲሁ ነው። በእኛ ሥርዓት ልጅ ከክፍል ወደ ክፍል የሚያልፈው በሁለቱ መንፈቅ ዓመት አማካይ ነው። የመጀመሪያውን ብቻ ተምሮ የወጣ ልጅ ካርዱ ላይ የዓመቱ አማካይ ባዶ ነው፤ «ተዛውሯል» የሚል ቃልና ማህተም የለውም። ቀሪዎቹን ወራት ቤት ውስጥ የቱንም ያህል ቢማር ቤት ካርድ አይሰጥም። ስለዚህ በሚያዝያ የሚያስወጣ ወላጅ፣ ልጁ ያለፉትን ሰባት ወራት የደከመበትን ዓመት ለጥቂት ሳምንታት ሲል በወረቀት ደረጃ ይሰርዝበታል። ጉዞው ካልተሳካ ወይም ቤተሰቡ ከተመለሰ ያንኑ ክፍል መድገም ሊመጣ ነው። 6ኛና 8ኛ ክፍል ላይ ደግሞ ሚኒስትሪ ፈተና በሰኔ አለ፤ ለዚያ የተመዘገበን ልጅ ሁለት ወር ሲቀረው ማውጣት ከሁሉም የከፋው ነው።

የሚገርመው ብዙ ጊዜ ችኮላው ራሱ አስፈላጊ አለመሆኑ ነው። የአሜሪካ የመኖሪያ ቪዛ ከተሰጠ በኋላ እንደ ሜዲካሉ ቀን የሚለያይ ሆኖ በአብዛኛው እስከ 6 ወር ድረስ ያገለግላል። በጥር ወይም በየካቲት ቪዛው የተመታለት ቤተሰብ፣ የሜዲካሉ ቀን ከፈቀደ፣ ልጆቹ የሰኔን ፈተና ጨርሰው መሄድ ይችላሉ ማለት ነው። ዲቪ የደረሰው ሰው ቪዛውን በበጀት ዓመቱ መጨረሻ፣ በእኛ አቆጣጠር መስከረም 20 ገደማ፣ ማግኘት ስላለበት ጭንቀቱ ይገባኛል፤ ጭንቀቱ ግን የወላጅ ወረቀት ጉዳይ ነው፣ ልጁን ከትምህርት ማስወጣት አያፋጥነውም። የትምህርት ዘመኑም ያግዛል። እኛ ሰኔ ላይ ስንጨርስ አሜሪካና አብዛኛው አውሮፓ በነሐሴ መጨረሻና በመስከረም ይጀምራሉ። ሰኔ ላይ ካርዱን ተቀብሎ የሄደ ልጅ የሚያልፈው ክረምቱን ብቻ ነው። ደቡብ አፍሪካ ለሚሄዱ ይለያል፤ እዚያ ዓመቱ የሚጀምረው በጥር ስለሆነ አጋማሽ ላይ መውጣት ትርጉም ሊኖረው ይችላል።

የሚሄዱበት አገር ይፈቅዳል?

አንድ ወላጅ «እዚያ ሄደን ቤት እናስተምራለን» ሲል የመጀመሪያው ጥያቄ ቤተሰቡ የሚያርፈው የት ነው የሚለው መሆን አለበት። መልሱ ከአገር አገር ከሰማይ እስከ ምድር ይራራቃል።

ጀርመን ውስጥ አይቻልም። የመማር ግዴታው ልጁ በአካል ትምህርት ቤት እንዲገኝ የሚጠይቅ ነው፤ በሃይማኖትም ሆነ በቋንቋ ምክንያት ልጆቼን ቤት አስተምራለሁ ያለ ወላጅ የገንዘብ ቅጣት ይጠብቀዋል፣ ከዚያም አልፎ የአሳዳጊነት ሥልጣኑ ሊቀነስ ይችላል። ልጆቻቸው ለሳምንታት የተወሰዱባቸው ወላጆች ጉዳዩን እስከ አውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤት አድርሰውት፣ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2019 የጀርመን ባለሥልጣናት መብት አልጣሱም ብሎ ወስኗል። በቤተሰብ ማገናኘት ወደ ፍራንክፈርት ወይም ወደ ሙኒክ ለሚሄድ ቤተሰብ ይህ መታወቅ ያለበት ከመሳፈሩ በፊት ነው። በስዊድን እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ የሚሠራው የትምህርት ሕግ የሚፈቅደው ለየት ያለ ሁኔታ ሲኖር ብቻ ነው። ፈረንሳይ ደግሞ ድሮ ማሳወቅ ብቻ በቂ የነበረውን እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣችው ሕግ ወደ ፈቃድ ቀይራዋለች። እንግሊዝ ይፈቀዳል፤ እ.ኤ.አ. የ1996ቱ የትምህርት ሕግ ልጁ በትምህርት ቤትም ሆነ በሌላ መንገድ ለዕድሜው የሚመጥን ትምህርት እንዲያገኝ የማድረጉን ግዴታ የጣለው በወላጅ ላይ ነው።

አሜሪካ በሃምሳዎቹም ግዛቶች ይፈቀዳል፣ ነገር ግን አንድ የአሜሪካ ሕግ የሚባል የለም። ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩበት በዋሽንግተን አካባቢ እንኳ ወንዝ ሲሻገሩ ደንቡ ይለወጣል። በቨርጂኒያ ወላጅ እስከ ነሐሴ 9 ገደማ ድረስ ለአካባቢው የትምህርት አስተዳደር ያሳውቃል፣ በዓመቱ መጨረሻም ልጁ መሻሻሉን በፈተና ወይም በባለሙያ ግምገማ ያሳያል። በሜሪላንድ ከመጀመሩ 15 ቀን አስቀድሞ ማሳወቅና የልጁን ሥራዎች ሰብስቦ ለግምገማ ማቅረብ አለ። በዋና ከተማዋ በዲሲ አስተማሪ የሚሆነው ወላጅ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ያጠናቀቀበት ማስረጃ ይጠየቃል፤ እናት ይህን ኃላፊነት ልትወስድ ካሰበች የራሷን ትራንስክሪፕት ተርጉማና አረጋግጣ መያዝ ይኖርባታል። በቴክሳስ፣ በዳላስና በሂዩስተን ለሚኖሩት፣ ለማንም ማሳወቅ አያስፈልግም።

እዚህ ላይ ወላጆች ተቃራኒውን ያስባሉ፤ ልቅ የሆነው ግዛት የሚሻል ይመስላቸዋል። ለሚመለስ ቤተሰብ ግን ጥብቁ ግዛት ይሻላል። ከቨርጂኒያ የሚመለስ ልጅ የትምህርት አስተዳደሩ የጻፈው ደብዳቤና የፈተና ውጤት በእጁ ይዞ ይመጣል። ከቴክሳስ የሚመለሰው ምንም የለውም፣ ያውም እናቱ ከሁሉ በላይ የደከመች ብትሆን እንኳ። እንዲህ ባለ ግዛት ያረፈ ወላጅ ማንም ሳይጠይቀው በየዓመቱ ልጁን ደረጃውን የጠበቀ ፈተና ማስፈተንና ውጤቱን ማስቀመጥ አለበት፤ ወይም ትራንስክሪፕት የሚሰጥ እውቅና ያለው የኦንላይን ትምህርት ቤት መፈለግ።

በገልፍ አገሮች ጉዳዩ ሌላ መልክ አለው። የውጭ ዜጋ ልጅ በአብዛኛው የሚማረው በግል ትምህርት ቤት በመሆኑ ክፍያው ይከብዳል። ሳዑዲ ዓረቢያ እ.ኤ.አ. በ2017 በእያንዳንዱ የቤተሰብ አባል ላይ በወር 100 ሪያል ማስከፈል ጀምራ እ.ኤ.አ. በ2020 ወደ 400 ስታደርሰው ብዙ ሠራተኞች ቤተሰባቸውን ወደ አገር መልሰዋል። እዚያ ቤት ማስተማር ምርጫ ሳይሆን የገንዘብ እጥረት ያመጣው ነው፤ በሪያድና በጅዳ የኢትዮጵያ ማኅበረሰብ ትምህርት ቤቶች የተቋቋሙትም የአገር ቤቱን ትምህርት ለማስቀጠል ነው። ወደዚያ የሚሄድ ቤተሰብ ከሁሉ በፊት መጠየቅ ያለበት እነሱን ነው።

ማን ቀን ቤት ይውላል?

ሕጉ ከፈቀደ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ ይህ ነው፤ በዕቅዱ ውስጥ የማይታየውም ይኸው ነው። ቤት የሚያስተምሩ የውጭ ቤተሰቦች በአብዛኛው አንዱ ወላጅ ሠርቶ ሌላው ቤት የሚውልባቸው ናቸው። አዲስ ገብ የሆነው የእኛ ሰው ግን ሁለቱም ይሠራሉ፤ አንዱ ሌሊት መኪና ይነዳል ወይም አረጋውያን ማቆያ ያድራል፣ ሌላዋ ጠዋት ትወጣለች። ቀን የሚተኛ አባት አስተማሪ ሊሆን አይችልም። ልጁ በታብሌት ላይ ሲውል «ኦንላይን እየተማረ ነው» ይባላል። እንዲህ ከሚሆን የመንግሥት ትምህርት ቤት መግባቱ አሥር እጅ ይሻለዋል። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1982 ጀምሮ በጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ እዚያ መማር የማንኛውም ልጅ መብት ነው፣ የወላጁ ወረቀት ምንም ይሁን። ለእንግሊዝኛ ጀማሪዎች የሚሰጠው ድጋፍም ያለው እዚያ ነው፤ ቋንቋውንም ልጅ የሚያነሣው ከልጅ ጋር ሲጫወት ነው።

«ክፍሉ እስኪመጣጠን ቤት ይቆይ» የሚሉም አሉ። የክፍል ምደባው እዚያ በአብዛኛው በዕድሜ ነው። በእኛ አገር 1ኛ ክፍል የሚገባው በ7 ዓመት ሲሆን እዚያ 6 ዓመት ላይ ነው። ስለዚህ እዚህ 2ኛ ክፍል የነበረ ልጅ 3ኛ ሊመደብ ይችላል፤ ቤት ሲቆይ ዕድሜው ይሄዳል እንጂ ክፍሉ አይጠብቀውም።

ፊደሉና ቁቤው

የወላጆች ጭንቀት ሁልጊዜ በእንግሊዝኛ ላይ ነው። እኔ ግን ውጭ አገር ቤት ውስጥ መማር ያለበት አንድ ነገር ቢኖር አማርኛ ማንበብና መጻፍ ነው እላለሁ፤ ሌላውን ትምህርት ቤቱ ያስተምረዋል፣ ይህን ግን ማንም አያስተምርለትም። እስከ 4ኛ ክፍል ያለ ልጅ ፊደሉን ለይቷል፣ ንባቡ ግን ገና አልጸናም። «ሰባቱን ቤት» በቃሉ ቢወጣም አንድ አንቀጽ ሲያነብ ይቆራርጣል። በዚህ ላይ ትምህርቱ ከተቋረጠ በአንድ ዓመት ውስጥ ካዕብና ሣልሱ ይምታታበታል፤ የጠበቀውን ከላላው የሚለየው በጆሮው ብቻ ስለሆነ ያም እየደከመ ይሄዳል። ንግግሩ ይቀራል፣ ንባቡ ይጠፋል። ለሁለት ዓመት ሄዶ ወደ 5ኛ ክፍል የሚመለስ ልጅ የአካባቢ ሳይንስ መጽሐፉን በአማርኛ ማንበብ ካልቻለ በእንግሊዝኛው ብልጫ አይድንም።

በከተማው ዳርቻ ደግሞ ጉዳዩ አንድ ቋንቋ ብቻ አይደለም። በ2015 ዓ.ም. የሸገር ከተማ ከተቋቋመ ወዲህ ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ሱሉልታ፣ ለገጣፎና ገላን በአንድ አስተዳደር ሥር ናቸው፤ ትምህርታቸው በኦሮሚያ ትምህርት ቢሮ ይመራል። ከመንገዱ ማዶ ያለው ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ ትምህርት ቢሮ ሥር ነው። አንዳንዱ ቤተሰብ ቤቱ በአንዱ ወገን፣ የልጁ ክፍል በሌላው ነው። ሱሉልታ ላይ በአፋን ኦሮሞ ይማር የነበረ ልጅ ቁቤውን እያጠና ካልቆየ፣ ሲመለስ ወይ ወደ ቀድሞው ትምህርት ቤቱ አይመለስ፣ ወይ በአማርኛ የሚያስተምረው አይቀበለው፤ ከሁለት ያጣ ይሆናል። ስለዚህ ወላጅ ከመሄዱ በፊት ሲመለስ ልጁን በየትኛው ወገን እንደሚያስገባ መቁረጥና የዚያን ወገን መጻሕፍት ይዞ መሄድ አለበት። ከባድ አይደለም። የአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት መጻሕፍት በዲጂታል መልክ ተለቀዋል፤ የሁለት ዓመቱን አውርዶ በስልክ መያዝ ይቻላል። በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ንባብና የአንድ አንቀጽ ቃለ ጽሕፈት ለሕፃን ይበቃል። ይህን ያህል ከሥራ የምትገባ እናትም ትችላለች፣ ልጁ ቀን ትምህርት ቤት ውሎ ከመጣ።

እኔ የማየው ትክክለኛ ቤት ውስጥ ማስተማር ለአብዛኛው ቤተሰባችን ይህ ነው፤ ቀኑን ትምህርት ቤቱ ይወስዳል፣ ምሽቱን ቤት ለቋንቋው ይሰጣል።

ከመሄድ በፊት የሚያዝ ወረቀት

መሸኛ የሚጠይቅ ወላጅ በአንድ ደብዳቤ ረክቶ መሄድ የለበትም። ያለፉት ዓመታት ካርዶችና ትራንስክሪፕት በእንግሊዝኛ ተጽፈው፣ ማህተም ተደርጎባቸው መውጣት አለባቸው። ትምህርት ቤቱ መጽሐፍ ተመልሷል፣ ክፍያ ተጠናቋል የሚል ክሊራንስ ሳያይ እነዚህን አይሰጥም፤ በተለይ መሃል ላይ የሚወጣ ሰው የሩብ ዓመቱን ሂሳብ ሲጠየቅ ጭቅጭቅ ይነሣል፣ ወረቀቱም ታስሮ ይቀራል። ሰኔ ላይ የሚወጣ ይህ አይገጥመውም።

ወላጅ ስሙን በዓይኑ ይመልከት። በትራንስክሪፕቱ ላይ ያለው የእንግሊዝኛ አጻጻፍ ከፓስፖርቱ ጋር ፊደል በፊደል ካልገጠመ ልጁ ሁለት ሰው ይሆናል። የትውልድ ቀኑም እንዲሁ፤ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፈ ዓመት ሳይለወጥ በእንግሊዝኛው ወረቀት ላይ ሰፍሮ ልጁ 7 ወይም 8 ዓመት በዕድሜ የጨመረበት አለ። ይህን ከውጭ ሆኖ ማስተካከል በውክልና ሰው ወራት ይፈጃል። የክትባት ካርዱም ከልደት ምስክር ወረቀቱ ጋር በአንድ ፋይል ይሁን፤ በብዙ አገር የትምህርት ቤት በር ላይ መጀመሪያ የሚጠየቀው እሱ ነው።

ለሁለተኛ ደረጃ ልጆች ጉዳዩ ይከብዳል። ከ9ኛ ክፍል በላይ ያለ ተማሪ ውጭ አገር ቤት ውስጥ ተምሮ ከተመለሰ ለ12ኛ ክፍል ፈተና ሲመዘገብ የእያንዳንዱ ዓመት ማስረጃ ይጠየቃል፤ ከውጭ ያመጣውም የአቻ ግምት ይፈልጋል። ለመመለስ ያሰበ ቤተሰብ ይህን ዕድሜ ላይ ያለ ልጅ ቤት ባያስተምረው እመርጣለሁ። ዕውቅና ያለው ትምህርት ቤት ያስገባው፣ ወይም እዚህ አስጨርሶት ይውሰደው።

ትምህርት ቤቶችም የሚጠበቅባቸው አለ። አሁን ያለው አሠራር መሸኛ ጽፎ መሸኘት ብቻ ነው። አንድ የክፍል ኃላፊ ወላጁን አስቀምጦ «ቪዛው እጃችሁ ገብቷል? ትኬት ቆርጣችኋል?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ካልሆነም እስከ ሰኔ ልጁን አቆይቶ ክፍያውን በየወሩ እንዲከፍሉ ቢያመቻች፣ ስንት ልጅ ዓመቱን ባተረፈ። የማይቀር ጉዞ ከሆነ ደግሞ የሁለተኛውን መንፈቅ ዓመት ፈተና ቀደም አድርጎ ማስፈተን ለአንድ መምህር የጥቂት ቀን ሥራ ነው። የትምህርት ቢሮዎቹ ከውጭ ለሚመለሱ ልጆች በየነሐሴው የምደባ ፈተና ቢያዘጋጁ፣ ወረቀት የሌለው ግን ያወቀ ልጅ ክፍል ሳይደግም የሚገባበት በር ይኖረዋል። ፈተናው አማርኛና ሒሳብ፣ በሸገር በኩልም አፋን ኦሮሞና ሒሳብ ቢሆን በአንድ ቀን ያልቃል፤ ምዝገባው ሳይዘጋም ውጤቱ ይደርሳል።